ለኤሌክትሪክ ብስክሌት ኮንትሮለር የሚስማማ ሊቲየም ባትሪ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባትሪ የሚመረጠው ኮንትሮለሩ (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ሳጥን) ከታወቀ በኋላ ነው። ሞተሩ ስንት ዋት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ከባትሪው ምን ያህል እንደሚወሰድ፣ መቼ እንደሚቆም፣ እስከ ምን ድረስ እንደሚችል የሚወስነው ኮንትሮለሩ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ ወደ ሦስት ቁጥሮች ይመለሳሉ፦ ባትሪው ሲሞላ የሚደርስበት ቮልት፣ ኮንትሮለሩ ሥራ የሚያቆምበት ቮልት እና ኮንትሮለሩ የሚስበው ከፍተኛ አምፔር።

ባትሪ ከመግዛቴ በፊት ኮንትሮለሩ ላይ ምን ልፈልግ?

አብዛኞቹ ኮንትሮለሮች ጀርባቸው ላይ ስቲከር አላቸው። እዚያ ላይ የሚሠራበት ቮልት (ለምሳሌ 48)፣ ከፍተኛው አምፔር (ለምሳሌ 22) እና ዝቅተኛው የቮልት መቁረጫ (ለምሳሌ 42) ይጻፋሉ። ሁለት የአምፔር ቁጥሮች ካሉ ትንሹ ኮንትሮለሩ ያለማቋረጥ የሚሠራበት፣ ትልቁ ደግሞ የመጨረሻ ገደቡ ነው። ባትሪ የሚመረጠው በትልቁ ነው።

ስቲከሩ ከተላጠ ባትሪውን ነቅለው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ጣሳ መሰል ክፍሎች) ባትሪው ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ከዚያ ክዳኑን ፈተው ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ላይ የታተመውን ቮልት ያንብቡ። 50 የሚል ከሆነ ኮንትሮለሩ ለ36 ቮልት የተሠራ ነው። 63 ከሆነ ለ48፣ 100 ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው ለ60 ወይም ለ72 ነው። ካፓሲተሩ ብቻውን ሙሉ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሞስፌቶቹም (ኤሌክትሪኩን የሚከፍቱና የሚዘጉ ትራንዚስተሮች) የራሳቸው ገደብ አላቸው። ይሁንና ካፓሲተሩ ከሚለው በላይ ቮልት መስጠት እንደማይቻል እርግጠኛ ይሁኑ።

48 ቮልት ብዬ የገዛሁት ባትሪ ስለካው ለምን 54.6 ሆነ?

ምክንያቱም 48 ስም እንጂ ልኬት አይደለም። የተለመደው ሊቲየም ሴል አማካይ ቮልቱ 3.6 ወይም 3.7 ነው፤ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል፣ ሲያልቅ ወደ 3 ይወርዳል። ባትሪው የሚሠራው እነዚህን ሴሎች በተከታታይ በማያያዝ ነው፦

36 ቮልት፦ 10 ሴል በተከታታይ፣ ሲሞላ 42
48 ቮልት፦ 13 ሴል፣ ሲሞላ 54.6
52 ቮልት፦ 14 ሴል፣ ሲሞላ 58.8
60 ቮልት፦ 16 ወይም 17 ሴል፣ ሲሞላ 67.2 ወይም 71.4
72 ቮልት፦ 20 ሴል፣ ሲሞላ 84

የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴል የተለየ ነው፤ አማካዩ 3.2፣ ሲሞላ 3.65 ቮልት። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ሴል የተሠራ 48 ቮልት ባትሪ 15 ወይም 16 ሴል አለው፣ ሲሞላም 54.75 ወይም 58.4 ይደርሳል። ሻጩን «ስንት ቮልት ነው?» ከማለት ይልቅ «ስንት ሴል በተከታታይ አለው? የሴሉ ዓይነትስ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ይህን መመለስ የማይችል ሻጭ የሚሸጠውን ዕቃ አያውቀውም።

48 ቮልት ባትሪ ከ36 ቮልት ኮንትሮለር ጋር ይሠራል? በተቃራኒውስ?

የመጀመሪያው አይሠራም። 54.6 ቮልት 50 የሚችለውን ካፓሲተር ያልፈዋል፤ በሰካበት ቅጽበት ባይፈነዳ እንኳ ብዙ አይቆይም። ሁለተኛው ምንም አያበላሽም፣ ነገር ግን ብስክሌቱ አይነሳም፦ የ36 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሆኖ 42 ነው፣ የ48 ኮንትሮለር ደግሞ 42 አካባቢ ሲደርስ ባትሪው እንዳለቀ ቆጥሮ ይዘጋል።

ስቲከራቸው ላይ 36/48 ተብሎ የተጻፈባቸው ኮንትሮለሮች አሉ። እነዚህ ሁለቱንም ይቀበላሉ።

52 ቮልት ባትሪ በ48 ቮልት ኮንትሮለር ላይ ልጠቀም?

ብዙ ሰው ይጠቀማል፣ በአብዛኛውም ያለ ችግር ይሠራል። ካፓሲተሮቹ 63 ከሆኑ 58.8 ቮልት ከገደቡ በታች ነው፣ ምንም እንኳ የቀረው ክፍተት ጠባብ ቢሆን። ሞተሩ ያለ ጭነት የሚዞርበት ፍጥነት ከቮልቱ ጋር አብሮ ስለሚጨምር 8 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፤ መንገድ ላይ ግን ነፋሱ ስለሚገታው ጭማሪው ከዚህ ያንሳል። ትልቁ ጥቅም ሌላ ቦታ ነው፦ ባትሪው እየተዳከመ ሲመጣ እንኳ ቮልቱ ቶሎ ወደ መቁረጫው አይወርድም።

ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ አንዳንድ ኮንትሮለሮች ቮልቱ ከፍ ካለ ራሳቸውን ይዘጋሉ፤ ባትሪው ሙሉ ሲሆን የማይነሳ፣ ትንሽ ሲቀንስ የሚሠራ ብስክሌት ምልክቱ ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ 42 ላይ የሚቆርጥ ኮንትሮለር 14 ሴል ሲካፈለው 3.0 ቮልት በሴል ይሆናል። አይጎዳም፣ ግን ወደ ታች የቀረበ ነው፤ መቁረጫውን ከዲስፕሌዩ (መሪው ላይ ካለው ስክሪን) መቀየር ከተቻለ 43 ወይም 44 ያድርጉት። ሦስተኛ፣ ለ48 የተስተካከለ የባትሪ ምልክት ከ54.6 በላይ ያለውን ሁሉ «ሙሉ» ብሎ ያሳያል፤ ሩብ ገደማ እስኪያልቅ ምልክቱ አይቀንስም። በቀጥታ ከባትሪው የሚሠራ መብራት ወይም የስልክ መሙያ ካለም ገደቡን ያንብቡ።

ኮንትሮለሩ 25 አምፔር ይላል። ባትሪው ስንት አምፔር መስጠት አለበት?

ከሁሉም ጥያቄ ይህ ነው የሚበልጠው፣ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ከባትሪ የሚወጣው አምፔር ሁለት በር ያልፋል፤ አንዱ ቢኤምኤስ የሚባለው የባትሪው መከላከያ ቦርድ ነው፣ ሌላው ሴሎቹ ራሳቸው። ሁለቱም ከኮንትሮለሩ በላይ መቻል አለባቸው።

ቢኤምኤሱ ያለማቋረጥ የሚሰጠው አምፔር ከኮንትሮለሩ ከፍተኛ አምፔር ከ20 እስከ 30 በመቶ ቢበልጥ ጥሩ ነው። ለ25 አምፔር ኮንትሮለር 30 አምፔር ቢኤምኤስ ተገቢ ነው ማለት ነው። ርካሽ ባትሪዎች ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚሰጥ ከፍታ ስለሆነ «ያለማቋረጥ ስንት?» ብለው ለይተው ይጠይቁ። ቢኤምኤሱ 20 ከሆነ ኮንትሮለሩ 25 ሲስብ ባትሪው በድንገት ይዘጋል። አንዳንዱ ጭነቱ ሲነሳ ራሱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ቻርጀር ካልተሰካበት አይነቃም።

ሴሎቹን ለማስላት በትይዩ ስንት እንደተያያዙ ማወቅ ያስፈልጋል። 13ኤስ4ፒ ማለት 13 በተከታታይ፣ 4 በትይዩ፣ በድምሩ 52 ሴል ነው። 25 አምፔሩን ለ4 ካካፈልን እያንዳንዱ ሴል 6.25 አምፔር ይሸከማል። የሳምሰንግ 35ኢ ሴል ያለማቋረጥ 8 አምፔር እንዲሰጥ ስለተሠራ ይህ ያለችግር ይሄዳል። ያው ሴል በ3 ትይዩ ቢሆን ግን 8.3 አምፔር ይደርስበታል፤ ይሠራል፣ ይሞቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ከፍተኛ አምፔር የሚሰጥ ሴል መምረጥም ይቻላል። ለምሳሌ ሳምሰንግ 25አር 20 አምፔር ይሰጣል፤ ግን የሚይዘው 2.5 አምፔር-ሰዓት ብቻ ነው፣ 35ኢ ደግሞ 3.5 ገደማ። ብዙ የሚይዝ ሴል በአብዛኛው ትንሽ ይሰጣል፣ ብዙ የሚሰጥም ትንሽ ይይዛል። የባትሪው ቦታ ጠባብ ከሆነና ኮንትሮለሩ ኃይለኛ ከሆነ ብዙ ወደሚሰጠው ማድላት ይሻላል።

የፌዝ አምፔርን ከባትሪ አምፔር ጋር አያምታቱ። ወደ ሞተሩ በሦስቱ ወፍራም ሽቦዎች የሚሄደው አምፔር በተለይ በዝቅተኛ ፍጥነት ከባትሪው ከሚወጣው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ማስታወቂያ ላይ «60 አምፔር» የተባለ ኮንትሮለር ከባትሪ የሚስበው 25 ሊሆን ይችላል።

ያለኝ ባትሪ ደካማ ነው። ኮንትሮለሩን ዝቅ ማድረግ ይቻላል?

በብዙ ዲስፕሌዮች ላይ የአምፔር ገደቡን የሚቀንስ ማስተካከያ አለ። ከ25 ወደ 18 ቢወርድ አቀበት ላይ ጉልበት ይቀንሳል፣ ባትሪው ግን ይተርፋል።

በተቃራኒው፣ ኮንትሮለሩ ውስጥ ያለውን የአምፔር መለኪያ ዘንግ ላይ እርሳስ በመበየድ «ጉልበት መጨመር» የሚባል ዘዴ አለ። ኮንትሮለሩ የሚስበውን አሳንሶ እንዲያነብ ያደርገዋል፤ 25 የሚለው ኮንትሮለር 35 እየሳበ እንደሆነ አያውቅም። ያገለገለ ኮንትሮለር ሲገዙ ይህ ዘንግ ላይ የተንጠባጠበ እርሳስ ካለ ስቲከሩን አይመኑ።

ባትሪው ሳያልቅ አቀበት ላይ ለምን ይጠፋል?

ቮልቱ በጭነት ስለሚወርድ ነው። ማንኛውም ባትሪ ውስጣዊ ተቃውሞ አለው። አንድ ሴል 0.03 ኦም ቢኖረው 13ኤስ4ፒ ባትሪ በድምሩ 0.1 ኦም ገደማ ይኖረዋል። 25 አምፔር ሲወጣበት 2.5 ቮልት ይጠፋል፤ 62 ዋት ያህልም ባትሪው ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ቆሞ 44 ቮልት የነበረው ጋዝ (የእጅ ፍጥነት መስጫው) ሲሰጥ 41.5 ይሆናል፣ ኮንትሮለሩም 42 ላይ ስለሚቆርጥ ይጠፋል። ጋዙ ሲለቀቅ ቮልቱ ይመለሳል፣ ብስክሌቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል።

የትኛው እንደዘጋ መለየት ቀላል ነው። ዲስፕሌዩ በርቶ ሞተሩ ብቻ ከቆመ ኮንትሮለሩ ነው የቆረጠው። ዲስፕሌዩም አብሮ ከጠፋ ቢኤምኤሱ ዘግቷል፤ ወይ አምፔሩ በዝቶበታል፣ ወይ ከሴሎቹ አንዱ ረድፍ ከሌሎቹ ቀድሞ አልቋል። ቢኤምኤስ ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 2.8 ቮልት በሴል ላይ ስለሚቆርጥ ሁልጊዜ ኮንትሮለሩ ቀድሞ መቆም አለበት። ቢኤምኤሱ የመጨረሻ ጠባቂ ነው፣ የዕለት ማጥፊያ አይደለም።

ቅዝቃዜ ተቃውሞውን ስለሚጨምር በሞቃት ቀን ያለችግር የሚወጣው ዳገት በቀዝቃዛ ጠዋት ሊያጠፋው ይችላል። ልቅ ኮኔክተርም እንዲሁ ቮልት ይበላል፤ ከጉዞ በኋላ በእጅ ሲነካ የሚፋጅ ከሆነ ጥፋቱ እሱ ነው።

ስንት አምፔር-ሰዓት ይበቃኛል?

በዋት-ሰዓት ያስቡ፤ ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ ያባዙ። 14 አምፔር-ሰዓት ያለው የ13 ሴል ባትሪ (አማካዩ 46.8 ቮልት) 655 ዋት-ሰዓት ነው። ፔዳል እየመቱ ሜዳ ላይ ሲሄዱ በኪሎ ሜትር 10 ዋት-ሰዓት ሊበቃ ይችላል፤ በጋዝ ብቻ ሲሄዱ ከ15 እስከ 20፣ አቀበት ከበዛ ከዚያም በላይ። በ15 ብናሰላ 44 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለዕለት መንገድዎ ከሚያስፈልገው ሩብ ያህል ጨምረው ይግዙ፤ ባትሪ ሲያረጅ የሚይዘው ይቀንሳል።

ትልቅ ባትሪ ኮንትሮለር ያቃጥላል የሚባለው እውነት አይደለም። ቮልቱ ከተስማማ ኮንትሮለሩ የሚፈልገውን ያህል አምፔር ብቻ ነው የሚስበው፤ ብዙ ትይዩ ሴል ያለው ባትሪ ደግሞ ቮልቱ ብዙም አይወርድም።

የተጻፈው መጠን እውነት መሆኑን ሳልከፍት እንዴት ልወቅ?

ይመዝኑት። 18650 የሚባለው ሴል ክብደቱ ከ45 እስከ 50 ግራም ነው፣ ከ3.5 አምፔር-ሰዓት ብዙም አያልፍም። 48 ቮልት 20 አምፔር-ሰዓት ለመሥራት 13 በ6፣ ማለትም 78 ሴል ያስፈልጋል፤ ሴሎቹ ብቻ 3.7 ኪሎ ገደማ ናቸው። በ5 አምፔር-ሰዓት 21700 ሴልም ቢሠራ (52 ሴል፣ እያንዳንዱ 70 ግራም ገደማ) ያው 3.6 ኪሎ ይሆናል። ሳጥኑና ቢኤምኤሱ ሲጨመሩ ከ4 ኪሎ ይበልጣል። ስለዚህ 2.5 ኪሎ የሚመዝን «20 አምፔር-ሰዓት» ባትሪ ሐሰት ነው።

ብስክሌቴ የአሲድ ባትሪ ነበረው። በሊቲየም ልቀይረው?

ይቻላል፣ ክብደቱም በጣም ይቀንሳል። 48 ቮልት ማለት አራት ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ነው፤ ኮንትሮለሩ እያንዳንዱ 10.5 ሲደርስ፣ በድምሩ 42 ላይ ይቆማል። ባለ 13 ሴል ሊቲየም ለዚህ በደንብ ይገጥማል፤ 42 ለ13 ሲካፈል 3.23 ነው፣ ጥቂት ሳይነካ ይቀራል፣ ያም ለሴሎቹ ዕድሜ ይጠቅማል።

ሰው የሚሳሳተው በሁለት ነገር ነው። የአሲድ ባትሪ ቢኤምኤስ ስለሌለው ኮንትሮለሩ ስንት አምፔር እንደሚስብ ማንም አልጠየቀም ነበር፤ 30 የሚስብ ኮንትሮለር ላይ 20 አምፔር የሊቲየም ባትሪ ይገጠምና በመጀመሪያው አቀበት ይዘጋል። ሁለተኛው ቻርጀሩ ነው። የ48 ቮልት የአሲድ ቻርጀር እስከ 58 እና 59 ቮልት ስለሚወጣ በ54.6 መቆም ላለበት ሊቲየም በጭራሽ አይሰካም። ቢኤምኤሱ ሊያቆመው ይችላል፤ ግን በእርስዎና በእሳት መካከል የቆመው እሱ ብቻ ይሆናል። የድሮውን ቻርጀር ከቤት ማስወጣት ነው የሚሻለው።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት ወይስ የተለመደው?

ፎስፌቱ ከባድና ትልቅ ነው፣ በምትኩ ብዙ ጊዜ ይሞላል፣ ሙቀትንም የተሻለ ይታገሳል። ዕቃ ለሚጭን ባለ ሦስት እግር ወይም ሰፊ የባትሪ ቦታ ላለው ብስክሌት እሱን እንመርጣለን። ቮልቱ ከመሙላት እስከ ማለቅ ብዙም ስለማይለዋወጥ በቮልት የሚሠራው የባትሪ ምልክት አይረዳም፤ የወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ ያስፈልጋል። ለ42 ቮልት መቁረጫ 15 ሴሉ (2.8 በሴል) ከ16ቱ (2.6 በሴል) የተሻለ ይገጥማል።

ኮንትሮለሩ ፍሬን ሲያዝ ባትሪውን ይሞላል። ባትሪው ላይ ለውጥ ያመጣል?

አዎ። ፍሬን ሲያዝ አምፔሩ በመውጫው በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። የመሙያና የመውጫ በሩ የተለያየ ቢኤምኤስ በመውጫው በኩል የሚገባውን ከመጠን በላይ መሙላት አይከላከልም። በሩ አንድ የሆነው ደግሞ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ሊዘጋ ይችላል፤ ያኔ መሄጃ ያጣው ኃይል ቮልቱን አሻቅቦ ኮንትሮለሩን ይመታል። ከቤት ወጥተው ወዲያው ረጅም ቁልቁለት ካለ ባትሪውን እስከ ጫፍ አይሙሉ፣ ወይም ይህን ፍሬን ያጥፉት።

ሁለት ባትሪ ማያያዝ ይቻላል?

በትይዩ ይቻላል፣ ሁለቱም በተከታታይ እኩል የሴል ቁጥር ካላቸውና ሲያያዙ የቮልት ልዩነታቸው ከ0.1 ወይም 0.2 የማይበልጥ ከሆነ። ልዩነቱ ከሰፋ ከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው በኃይል ይፈስሳል። ለዚህ የተሠራ የሁለት ባትሪ ማገናኛ ሞጁል ቢገዛ ይሻላል። በተከታታይ ግን አያያይዙ፤ አንዱ ቢኤምኤስ ሲዘጋ የሁለቱም ቮልት ይመጣበታል፣ ሞስፌቶቹም ለዚያ አልተሠሩም።

ከፋብሪካ የመጣ ብስክሌት ላይ ሌላ ባትሪ ይሠራል?

የቦሽ ዓይነት ሥርዓቶች ባትሪውና ሞተሩ እርስ በርስ መልእክት ስለሚለዋወጡ ቮልቱ ቢገጥምም ባዕድ ባትሪ አይቀበሉም። ባትሪው ላይ ከሁለቱ ወፍራም ፒኖች ሌላ ቀጫጭን ፒኖች ካሉ ጥርጣሬው ከዚያ ይጀምራል።

ሁሉንም ገዛሁ። መጀመሪያ እንዴት ልሰካው?

ሽቦው እስከ 20 አምፔር 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር፣ እስከ 35 ደግሞ 4 ይሁን። ኤክስቲ60 ኮኔክተር ለ30 አምፔር ገደማ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ኤክስቲ90። የባትሪው ወገን ብረቱ በፕላስቲክ የተሸፈነው ይሁን፣ ያለበለዚያ ባትሪው ሳይሰካ ሲቀመጥ በቁልፍ እንኳ ሾርት ያደርጋል። ፊውዙ ለ25 አምፔር ኮንትሮለር 30 ወይም 40 ይሁን፤ የመኪና ተራ ፊውዝ ለ32 ቮልት ብቻ ስለሆነ ሲቃጠል በ54 ቮልት ብልጭታው ላይቆም ይችላል። 58 ወይም 80 ቮልት የተጻፈበትን ይፈልጉ።

ከመሰካትዎ በፊት በመልቲሜትር ቮልቱንም ፕላስና ማይነሱንም ይለኩ። ቀይና ጥቁር ስለሆነ ብቻ አይመኑ፣ ኮኔክተሩ ተገልብጦ የተበየደ ባትሪ ያጋጥማል፤ ተገልብጦ የተሰካ ኮንትሮለር ደግሞ ሁለተኛ ዕድል የለውም። ሲሰኩ «ጣ» የሚል ብልጭታ ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ የሚመጣ ነው፤ ከ60 ቮልት በላይ ፒኖቹን እየበላ ስለሚሄድ ተቃውሞ የተገጠመለት የብልጭታ መከላከያ ኮኔክተር ይጠቀሙ።

ተሰክቶ ምንም ካልበራ ባትሪውን ከመመለስዎ በፊት ከኮንትሮለሩ የወጣች አንዲት ቀጭን ቀይ ሽቦ ይፈልጉ። የቁልፍ ሽቦ ናት፤ የባትሪው ፕላስ በማብሪያ በኩል ካልደረሰባት ኮንትሮለሩ አይነቃም። ከጋዙ ቀይ ሽቦ ጋር ግን አያገናኟት፤ እሷ 5 ቮልት ናት፣ የባትሪው ቮልት ከገባባት የኮንትሮለሩን አእምሮ ያቃጥላል። ከበራ በኋላ የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስተው በትንሹ ጋዝ ይስጡ፣ ከዚያ አጭር አቀበት ላይ ቮልቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ዲስፕሌዩ ላይ ይመልከቱ። ሙሉ ባትሪ 48 ቮልት ሥርዓት ላይ ከ3 ወይም 4 ቮልት በላይ ከወረደ ወይ ሴሎቹ ደካማ ናቸው፣ ወይ ግንኙነቱ ልቅ ነው።